አባ ኮዳው ነው ቀድሞ የመጣው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የእንስሳ ተረት ጊዜው አልፎበታል የሚል ነው። የዛሬ ልብ ወለድ ደራሲ እንስሳትን እያናገረ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም ይላሉ ጸሐፊው። አምስት ነጥብ አስቀምጠዋል። አንደኛ፣ ደራሲ ወደ እንስሳ የሚሸሸው ስለሚፈራ ነው። ሁለተኛ፣ መልእክቱን አስቀድሞ ይጨርስና እንስሳውን እንደ ልብስ ያለብሰዋል። ሦስተኛ፣ ነገሩ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው። አራተኛ፣ የልጆች ነው። አምስተኛ፣ ሰው በአውሬ ስም በሚሰዳደብበት አገር አደገኛ ነው።

ጽሑፉ የታሰበበት ነው። አምስተኛው ነጥብማ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። እኔ የሐዋሳ ሰው ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል የሚውሉትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ታሪክ ስጽፍ ቆይቻለሁ። የምወደው ነገር ስለተነካ ነው የምመልሰው።

በቅደም ተከተል አልሄድም። ከሁለተኛው ልጀምር፤ ሌሎቹ በሙሉ እሱ ላይ ነው የተደገፉት።

በጸሐፊው አስተሳሰብ ደራሲው መጀመሪያ በአንድ ሹም ወይም በአንድ ሥርዓት ይናደዳል። የሚናገረውን ይወስናል። ከዚያ እንስሳ ይመርጣል። አንበሳን ለንጉሥ፣ ጅብን ለሆዳም፣ አህያን ለሕዝብ። እንስሳው ሰም ነው፣ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ይጣላል ብለዋል።

ሰምና ወርቅን ካነሱት አይቀር አንጥረኛው ጋ እንሂድ። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚሠራው ሰሙን ነው። በሰም ቅርጹን ያወጣል። በጭቃ ይለብጠዋል። እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ወርቁ የሚፈስሰው ሰሙ ለቅቆ በሄደው ቦታ ነው። ሰሙ ላይ የጎደለ ነገር ወርቁም ላይ ይጎድላል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን አይስተውም። ሰሙ ራሱን ችሎ የማይቆም ቅኔ ይነቀፋል። ስለዚህ ጸሐፊው ያመጡት ምሳሌ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

አሁን እሳቸው ራሳቸው የጠቀሱትን እንግሊዛዊ እንይ። ጆርጅ ኦርዌል እንስሳት ገበሬውን አባርረው እርሻውን የሚይዙበትን መጽሐፍ ያሳተመው በፈረንጆች 1945 ነው። ንዴቱ ግን የቆየ ነበር። በ1937 ስፔን ውስጥ ሲዋጋ ጉሮሮውን በጥይት ተመቷል። ከዚያ አብረውት የተሰለፉ ሰዎች በስታሊን ወገኖች ሲታደኑ አይቶ፣ ከሚስቱ ጋር አምልጦ ወጥቷል። ያኔ የሚለውን ያውቅ ነበር። ለብዙ ሰው በቀላሉ የሚገባ ታሪክ ነው ያጣው። ለዓመታት አጣው።

ታሪኩ እንዴት እንደመጣለት ራሱ ተናግሯል። በ1947 ለዩክሬንኛው ትርጉም በጻፈው መቅድም ላይ ነው። ትንሽ መንደር ውስጥ ይኖር ነበር። አንድ ቀን አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ አንድ ግዙፍ የጋሪ ፈረስ በጠባብ መንገድ ሲነዳ አየ። ፈረሱ ዞር ሊል ሲሞክር ልጁ በአለንጋ ይለዋል። ኦርዌልን አንድ ነገር መታው። እነዚህ እንስሳት ጉልበታቸውን ቢያውቁ ኖሮ ማን ይገዛቸው ነበር? ባለጠጋው በድሃው ላይ የሚያደርገውም ይኸው አይደለም? ከዚያ በኋላ ዓለምን ከእንስሳቱ ዓይን ማየት ጀመረ።

እና ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ንዴቱ ቀድሞ ነበረ። መጽሐፉ የመጣው ግን በፈረሱ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሁሉ ከአሳማዎቹ ይልቅ ቦክሰር የሚባለውን ፈረስ ነው የማይረሳው። ለምን እንደሆነ ከዚያ ጠባብ መንገድ ይገባኛል።

አሁን ወደ ሐዋሳ ልምጣ። አሞራ ገደልን ሳያይ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀልባዎቹ ይገባሉ። ቆሮሶና አምባዛው ከመረብ ላይ ይለቀማል። ልጆች ጎን ለጎን ተደርድረው ዓሣ ይበልታሉ። ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ክንዳቸው ላይ ይለጠፋል። ከኋላቸው አባ ኮዳዎቹ ቆመዋል። ከልጆቹ ትከሻ ይደርሳሉ። ራሳቸው መላጣ ነው። ከአንገታቸው ያ ሮዝ ከረጢት እንደ ወታደር ኮዳ ተንጠልጥሏል። እግራቸው በኖራ የተቀባ ይመስላል። ሙቀት ሲበረታ ኩሳቸውን እግራቸው ላይ ይለቁታል፤ በእሱ ነው ሰውነታቸውን የሚያቀዘቅዙት። እንደ ሌላ ወፍ አይዘምሩም። መንቆራቸውን ያንቀጫቅጫሉ። ንግግራቸው ያ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ጠዋት እዚያ ቆሜ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ይበልታል። የቢላው እጀታ በቁራጭ ጎማ ተጠቅልሏል። ሆድ ዕቃውን በግራ እጁ ወደ መንጋው ይወረውራል። መንጋው ይሻማል። አንዱ ግን አይሻማም። እግሩ ላይ የመረብ ክር ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ከክሩ በታች አብጧል። ከአንዲት የተገለበጠች ጀልባ ጥግ ብቻውን ቆሟል። ልጁ መንጋው እስኪጋፋ ይጠብቅና፣ ዞር ሳይል፣ በቀኝ እጁ አንድ የዓሣ ጭንቅላት ከጀርባው ያስቀምጣል። አንካሳው እየተንቀረፈፈ ይመጣና ያነሳል።

«ለምንድነው ደብቀህ የምትሰጠው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ካዩት እኮ ይነጥቁታል» አለኝ። ቢላውን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ያንን ትልቁን ያዩታል? እሱ ከመሬት አያነሳም። ሌላው አንስቶ ሊውጥ ሲል ነው የሚመጣው።»

ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት። ያን ቀን ስለ የትኛውም ሹም አላሰብኩም። ሐሳቤ ሁሉ ትልቁ አባ ኮዳ ጋ ነበር። ሌሎቹ ለምን ይለቁለታል? መንጠቅ የጀመረው መቼ ነው? ሲያረጅስ ምን ይበላል? ጥያቄው ብቻ ሦስት ገጽ ሞላ። ስለ መሥሪያ ቤትና ስለ ቤተሰብም እየጻፍኩ እንደሆነ የገባኝ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ነው። ያቺ የተደበቀች የዓሣ ጭንቅላት ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አለች። እሷ ብትወጣ ታሪኩ ይፈርሳል።

ይህ አካሄድ አዲስም አይደለም። ፊሳልጎስ የሚባል ጥንታዊ መጽሐፍ አለ። ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው። ስለ እንስሳት ነው የሚያወራው። አንበሳ አዳኝ እንዳያገኘው ፈለጉን በጅራቱ እየጠረገ ይሄዳል ይላል። የዛሬ የእንስሳት ሊቅ አይቀበለውም ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ ይበሉልኝ። መጀመሪያ የእንስሳው ጠባይ ይነገራል። መንፈሳዊ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ነው። አባቶቻችን ሲያነቡት የኖሩት እንዲህ ነው። እንስሳው ይቀድማል።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልሂድ፤ ወደ ፍርሃት። ነፃ ሰው ያሰበውን በግልጽ ይናገራል፣ ተረት የሚያስፈልገው አፉ ለተዘጋ ነው ይላሉ።

እንስሳ ደብቆት የዳነ ደራሲ ማን ነው? በእኛው አገር የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የእንስሳት ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ መሆኑ ነው። ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ የተማሩ ሰው ናቸው። በኋላ በእኛ አቆጣጠር የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ተውኔቱ ሲታይ ባለሥልጣኖቹ አውሬዎቹን ለመለየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ታገደ። ከዚያም አገሩ ለዓመታት ያለ ቲያትር ቀረ። ከሰም ውስጥ ወርቅ የሚያወጣ ሕዝብ ፊት በአንበሳ ቆዳ መደበቅ አይቻልም። ተክለ ሐዋርያት ይህን ያጡታል ብዬ አላምንም።

ኦርዌልም አልተደበቀም። መጽሐፉን አራት አሳታሚዎች መልሰውበታል። ያኔ ሶቪየት ኅብረት የእንግሊዝ የጦር አጋር ነበረች። አንደኛው አሳታሚ ገዢዎቹ አሳማ መሆናቸው በተለይ እንደሚያስቀይም ጽፎለታል። እንግዲህ አሳማው ሽፋን ሆኖ ቢሆን ኖሮ ለምን ቅር ይላቸው ነበር? እንስሳው ነገሩን አጋለጠው።

ከእኛ ዘመን ደግሞ ኖቫዮለት ቡላዋዮ አለች። ዚምባብዌያዊት ናት፣ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖራለች። የአገሯ መሪ ሮበርት ሙጋቤ በፈረንጆች 2017 ከሥልጣን ሲወርዱ ነገሩን እንደ እውነተኛ ዘገባ ልትጽፈው ጀምራ ነበር። በኋላ ተወችው። በ2022 ያወጣችው «ግሎሪ» ሰው የሌለበት መጽሐፍ ነው፤ አገሪቱን የሚገዙት ፈረስና ውሻ ናቸው። በዚያው ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። ይህች ሴት በግልጽ መጻፍ ትችል ነበር። ጀምራውም ነበር። የፈራ ሰው መንገድ እንዲህ አይደለም።

ታዲያ ፍርሃት ካልሆነ ምንድነው? እኔ ከራሴ የማውቀውን ልንገራችሁ። ስለ አንድ መሥሪያ ቤት በግልጽ ጽፌ አውቃለሁ፣ ፌስቡክ ላይ። አንባቢው መጀመሪያ ስሜን አየ። ከዚያ የማን ወገን እንደሆንኩ ገመተ። ከዚያ አነበበ፤ ካነበበ። አባ ኮዳ ግን ወገን የለውም። አንባቢው ጋሻውን ሳያነሳ ታሪኩ ውስጥ ይገባል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተለይ አሁን።

ሦስተኛው፣ ከፈረንጅ ተቀዳ የሚለው። የሆነውን ላምን። ተክለ ሐዋርያት ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ተነስተዋል። ቡላዋዮም ኦርዌልን እያሰበች ነው የጻፈችው። ሆኖም እሷ ከአያቷ ተረት እየሰማች ማደጓን ትናገራለች። እኔም አያት ነበረችኝ።

አያቴ ከምትነግረን ሁሉ አንዱ አይለቀኝም። ድርቅ ሆነ። አውሬዎቹ ተሰበሰቡ። ከመካከላችን ኃጢአተኛ ቢኖር ነው እግዜር የተቆጣው፣ እንናዘዝ ተባባሉ። አንበሳ ተነሳ። በሬ ከነእረኛው በላሁ አለ። ኧረ ይሄ ምኑ ኃጢአት ነው፣ ንጉሥ አይደለህ አሉት። ነብር ተነሳ፣ ፍየል ሰበርኩ አለ። ይሄም ኃጢአት አይደለም አሉ። ጅብ ተነሳ፣ ከመንደር ዶሮ ሰረቅኩ አለ። ይሄም አይደለም። አህያ ተነሳች። ጌታዬ መንገድ ላይ ቆሞ ከጓደኛው ጋር ሲያወራ፣ ከዳር ያለ ሳር ቀመስ አደረግኩ አለች። ሁሉም ጮኹ። አንቺ ነሽ ያስጨረሽን!

አያቴ እዚህ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ፍሙን በእንጨት ጫፍ ትነካካለች።

«ከዚያስ አህያዋ ምን አለች?» እላታለሁ፣ ሁልጊዜ።

«ምን ትላለች ልጄ፣ በሏት።»

ይህ ተረት ከላ ፎንቴን አንዱ ጋር ቁርጥ እሱን ነው። እዚያ ያሉት አውሬዎች የሚናዘዙት ወረርሽኝ መጥቶባቸው ነው። ማን ከማን ወሰደ? አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ፈረንሳይ የት እንዳለችም አታውቅም። ተረቱ የእሷ ነው። ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ሁሉ የራሱ ያደርገዋል። ቋንቋችን ራሱ በእንስሳ የተሞላ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። የመጨረሻዋ በአራት ቃል ገጸ ባሕርይ አላት፣ ለውጥ አላት፣ ውድቀት አላት። እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ደራሲ ከማን ይቀዳል?

የልጆች ነው ለሚለው ብዙ አልቆይም። የአህያዋን ተረት ለልጅ ይነግሩታል፤ ሽማግሌዎችም ዕርቅ ላይ ተቀምጠው ያነሱታል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ አዳምስ የጥንቸሎቹን ታሪክ የጀመረው መኪና ውስጥ ለሁለት ሴት ልጆቹ ሲያወራ ነው። በ1972 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፣ ትልልቅ ሰዎችም አነበቡት። ልጅ የሚሰማው ነገር ትልቅ ሰው ላይ ደርሶ አይቆምም።

አምስተኛው ነው ከባዱ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፣ ሳላቅማማ እላለሁ። በቅርብ ዓመታት ሰው ወንድሙን በአውሬ ስም ሲጠራ ሰምተናል። አውሬ የተባለ ሰው ምን ሊደረግ እንደሚችልም አይተናል። እንስሳ የሚጽፍ ደራሲ ይህን ከረሳ እጁ ላይ እሳት ይዞ ነው የሚጫወተው።

የእኔ ረቂቅ ውስጥ ጅብ ነበረ። ጥሩ ገጸ ባሕርይ ነበር፣ ቀልደኛ፣ ሌሊት የሚፈራ ጅብ። አወጣሁት። አንባቢ አንድ ሕዝብ ላይ እንዳይሰቅለው ሰጋሁ። እስካሁን ይናፍቀኛል። ባወጣው ይሻላል ብዬ ነው ያወጣሁት፣ ዛሬም አልጸጸትም።

ከዚህ ተነስቶ ግን እንስሳን ከነጭራሹ እንተው ማለት አይከተልም። አርት ስፒግልማን የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ አለ። «ማውስ» በሚባለው የሥዕል መጽሐፉ አባቱ ከአይሁድ ጭፍጨፋ እንዴት እንደተረፈ ይተርካል። ናዚዎች አይሁድን ተባይ ይሏቸው ነበር። እሱ ስድቡን ራሱን አንስቶ አይሁዶቹን አይጥ አድርጎ ሣላቸው፣ ጀርመኖቹን ድመት። ከዚያ አይጦቹ ሻይ ይጠጣሉ፣ በገንዘብ ይጨቃጨቃሉ፣ ልጃቸውን ይናፍቃሉ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሠዓሊው ራሱን ሲሥል የአይጥ ጭምብል በክር አስሮ ነው። ክሩ ይታያል። ጭምብል መሆኑን እንድናይ ፈልጓል። መጽሐፉ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ስድብ የሰውን ስም፣ እናቱን፣ ረሃቡን ይቀማል። ይህ ሰው ለአይጦቹ ሁሉንም መለሰላቸው።

እኔም ከጸሐፊው ነጥብ አንድ ሕግ ለራሴ አውጥቻለሁ። አንድ ዝርያ ለአንድ ወገን አይሰጥም። በታሪኬ ውስጥ ነጣቂውም የተነጠቀውም አባ ኮዳ ነው። ራሰ በራነታቸው አንድ ነው። ኮዳቸው አንድ ነው። የሚለያቸው የሚያደርጉት ነገር ብቻ ነው። ይህን ሕግ ቀድሜ አውጥቼው ቢሆን ኖሮ ጅቡንም ላድነው እችል ነበር፤ ሁለተኛ ጅብ ባመጣለት።

ባለፈው ወር ሁለት ምዕራፍ ለጓደኞቼ አነበብኩ። ሰባት ነበርን፣ ቡና ላይ። በፖለቲካ የማይስማሙ ሰዎች ናቸው፣ እንዲያውም ሁለቱ ከተኮራረፉ ቆይተዋል። ትልቁ አባ ኮዳ ማን ይመስላችኋል አልኩ። አንዷ የቀድሞ አለቃዬ ነው አለች። አንዱ የሚስቱን አጎት ጠራ። ጥግ የተቀመጡ ጡረተኛ አባት ግን ስኒያቸውን አስቀመጡና «እኔ ነኝ» አሉ። «ለልጆቼ እንዲህ ነበርኩ። ሊውጡ ሲሉ ነው የምደርሰው።» ማንም አልሳቀም። የቤቱ እመቤት ሁለተኛውን ቡና ቀዳች። ስለ አባቶች ግልጽ መጣጥፍ ብጽፍ ኖሮ እኚህ ሰው ያንን ይናገሩ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ጸሐፊውን ባገኛቸው ደስ ይለኛል። ሐዋሳ ብቅ ካሉ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሞራ ገደል እንገናኝ። የዓሣ ሾርባው በእኔ ነው። ልጁ አድጓል፣ አሁን ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው፤ ዓሣ የሚበልተው ታናሽ ወንድሙ ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ ከመጡ ግን አባ ኮዳዎቹ በልተው፣ ዛፍ ላይ ወጥተው ነው የሚያገኟቸው።